ይድረስ ለወንድሜ ለይበልጣል

ከባሕር ዳር

ከተለያየን ጀምሮ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ዛሬ የምጽፍልህ፣ በተማሪነታችን እያመሸን እንከራከርበት የነበረው የጉበት ካንሰር ጉዳይ እንደገና ስለያዘኝ ነው።

እዚህ ጣና ዳር ከምናያቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ የሚደርሱልን ሆዳቸው ውሃ ከቋጠረና ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። ጉበታቸው ተጎድቶ ደማቸው ቶሎ ስለማይረጋ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈራል፤ ቢወሰድም የሚነግረን መርፌው ስለነካው ቦታ ብቻ ነው። ዕጢው ራሱ ወደ ደም የሚለቃቸውን ሴሎች ይዞ ዘረ መላቸውን ማንበብ ስለሚባለው ነገር ማሰብ ያላቆምሁትም ለዚህ ነው። አሽዎርዝ የተባለው የአውስትራሊያ ሐኪም በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ ዕጢውን የመሰሉ ሴሎች ማየቱን የጻፈው እኮ እ.ኤ.አ. በ1869 ነው!

ፈተናው ሴሎቹን መያዙ ላይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ለጡት ካንሰር የፈቀደችው መሣሪያ የሚይዘው ኤፕካም የተባለ ፕሮቲን ያላቸውን ሴሎች ሲሆን፣ ብዙዎቹ የጉበት ካንሰር ሴሎች ይህ ፕሮቲን ስለሚጎድላቸው ያመልጡታል፤ ስለዚህ በጉበት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚገኘውን ግሊፒካን-3 የተባለ ፕሮቲን የመሰለ ምልክት ወይም የሴሉን ትልቅነት የሚከተሉ ዘዴዎች መጡ። ከተያዘም በኋላ የአንድ ሴል ዲ.ኤን.ኤ. 6 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ገደማ ብቻ ስለሆነ ሳይባዛ አይነበብም፤ ሲባዛ ደግሞ ከእናትና ከአባት ከተወረሱት ቅጂዎች አንዱ ሊጠፋ ይችላል። «ለውጥ አልተገኘም» የሚል ውጤት ሳነብ ቶሎ የማላምነው በዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ሴል ካንሰር እንዳይሆን የሚከላከለው ቲፒ53 የተባለው ጂን ነው። ከጎተራው ሥር እርጥበት ያገኘው በቆሎ የሚያወጣውን ያን አረንጓዴ ሻጋታ ታውቀዋለህ፤ ከእርሱ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በዚህ ጂን 249ኛ ኮዶን (ሦስት የዲ.ኤን.ኤ. ፊደሎች የያዘ ክፍል) ላይ «ጂ» የተባለውን ፊደል በ«ቲ» ይተካል፣ በሄፓታይተስ ቢ በተያዘ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በጋምቢያ ሕመምተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለውጥ በደም ውስጥ በሚንሳፈፍ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ አግኝቶታል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ አቅም የሚቀርበው ይህኛው መንገድ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ተንሳፋፊው ዲ.ኤን.ኤ. ከብዙ ሴሎች የተደባለቀ ስለሆነ፣ የትኞቹ ለውጦች በአንድ ሴል ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ የሚነግረን ሙሉው ሴል ብቻ ነው።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ደሙ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሴሎቹ እንዳይፈርሱ፣ እስከ 4 ቀን የሚያቆይ ቱቦ እንዳለ አውቃለሁ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ማቆያ መድኃኒት ዲ.ኤን.ኤ.ውን ለንባብ የማያበላሽ መሆኑን አንተ ከምትሠራበት ላብራቶሪ ጠይቀህ ጻፍልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ