ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ ኮምፒውተራችሁ «ስታክ» ሲያደርግ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በአካባቢው ለምትገኙ ክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በየቤቱ ያለ ኮምፒውተር በተደጋጋሚ መቆሙን ስለሚመለከት

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሣሣን በጥገና ቤታችን በየቀኑ የምንሰማው አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። ደንበኛው ኮምፒውተሩን ከፌስታል ወይም ከጋቢ ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ያስቀምጥና «ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ፤ ፎርማት አድርጉልኝ» ይለናል፤ ድርቅ ብሎ እየቆመ ስላስቸገረኝ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍታችሁ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑልኝ ማለቱ ነው። እኛም ለብዙ ጊዜ የታዘዝነውን ፈጽመንና ሒሳባችንን ተቀብለን ስንሸኝ ኖረናል። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ኮምፒውተሩ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚቆም ሳንጠይቅና ሳንመረምር ፎርማት የማናደርግ መሆናችንን እየገለጽን፣ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን። ፎርማት ከሶፍትዌር የመጣን ችግር ሊያስወግድ ይችላል፤ የጋለን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ዋና ክፍል) ግን አያቀዘቅዝም፣ ያረጀን ሃርድ ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበትን ክፍል) አያድስም፣ ከፍ ዝቅ የሚልን መብራትም አያስተካክልም።

ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰን የራሳችን ስሕተት ስለሆነ ሳንሸሽግ እንናገራለን። አንድ የሸዋ ሮቢት ደንበኛችን ላፕቶፓቸው በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ነግረውን ፎርማት አደረግንላቸው፤ ጠረጴዛችን ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ አንድ ጊዜ እንኳ አለመቆሙን አይተንም መለስንላቸው። በሳምንቱ ይዘውት መጡ። ደግመን ፎርማት አደረግን፤ አሁንም እኛ ዘንድ እያለ ያለ አንዳች እንከን ሠራ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ «እናንተ ቤት ሲደርስ ይድናል፣ እኔ ቤት ሲገባ ይታመማል፤ ጠበል ነው እንዴ ያላችሁ?» ሲሉን በእውነቱ አፈርን። መጀመሪያውኑ ልንጠይቃቸው የሚገባንን፣ ማለትም የት አስቀምጠው በስንት ሰዓት እንደሚሠሩበት የጠየቅናቸው ያን ጊዜ ነው።

መልሱ ከመልክዐ ምድሩ ውስጥ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዚህ ወቅት ሌሊት ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ስትሆን፣ ሸዋ ሮቢት ግን ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። የክፍሉ አየር በ15 ዲግሪ በሞቀ ጊዜ የኮምፒውተሩም ውስጥ በዚያው ልክ ገደማ ስለሚሞቅ፣ የእኛ ክፍል ብርድ በሽታውን ሸፍኖልን ኖሯል። ላፕቶፑን ፈትተን ስናየው ከማራገቢያው ቀጥሎ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች አይታዩም ነበር፤ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ተያይዞ እንደ ባና ጥቅጥቅ ብሎባቸዋል፣ በወረንጦ ሲሳብም ሳይበጠስ እንዳለ ተገፍፎ ወጣ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደግሞ ደርቆ እንደ አሮጌ ኖራ ይፈረፈር ነበር። ጠርገን አዲስ ቅባት ቀብተን ሰጠናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛችን የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን ያነበባችሁ የደጋ ደንበኞቻችን «እኛስ ብርድ አገር ነን» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ በብርዱ ምክንያት ላፕቶፕን አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ወይም ባና ላይ አስቀምጦ መሥራት ልማዳችን ሆኗል፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ አየር መሳቢያ ያለው ከሥሩ ነውና ይህ አፍንጫን ይዞ እንደ መሮጥ ያለ ነው። ኩበት በሚነድበት ቤት ደግሞ የጭሱ ጥላሸት ከአቧራው ጋር ተጣብቆ ስለሚጠጥር በትንፋሽ እፍ ቢሉት አይነሣም። ማራገቢያው እየጮኸ ሄዶ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚያዘግም፣ ቀጥሎም የሚቆም ወይም ራሱን የሚያጠፋ ኮምፒውተር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በሙቀት ነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ለኅዳር ሚካኤል ቤቱ ተጠርጎ ጥራጊው ሲቃጠል ኮምፒውተሩን ያስታወሰ ቤተሰብ ብዙ አይመስለንም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁና አጥፍታችሁ፣ አየር ማስገቢያውንና ማስወጫውን በለስላሳ ብሩሽ ብትጠርጉ ትልቅ ነገር ነው። ዴስክቶፕ ከፍታችሁ የምታጸዱ ከሆነ፣ በምትነፉበት ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት።

ሙቀት ከሌለስ? እዚህ ላይ የምንለምናችሁ ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ኮምፒውተሩን እንድትታዘቡት ነው። በቆመ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ተከፍቶ እንደነበረ፣ ቻርጀር ላይ ይሁን በባትሪ፣ ማራገቢያው ይጮህ እንደነበረ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያም ሳትቸኩሉ አንዲት ፈተና አድርጉበት፦ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ቁልፉን በተጫናችሁት ቁጥር መብራቱ እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ውስጡ እየሠራ ነውና፣ የቆመው አንድ ፕሮግራም ወይም ስክሪኑ ሊሆን ይችላል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ጥፋተኛውን ፕሮግራም ለይታችሁ ልትዘጉት ትችላላችሁ። መብራቱ ፈጽሞ ካልታዘዘና ማውሱም ካልተንቀሳቀሰ ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሟል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው መቆም ከሙቀት፣ ከራም (ለጊዜው የሚሠራበትን መረጃ ከሚይዘው ክፍል)፣ ከዲስክ፣ ከኤሌክትሪክ ወይም ከድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር ከሚያገናኘው ፕሮግራም) የሚመጣ ስለሆነ የእኛን ምርመራ ይፈልጋል። የዚህች ፈተና ውጤት ብቻዋን ግማሽ ቀን ሥራ ትቀንስልናለች።

በታስክ ማናጀሩ ላይ «ዲስክ» የሚለው 100 በመቶ ላይ ተሰክቶ ካልወረደና አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች የሚፈጅ ከሆነ፣ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ። በተለይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ በማብራት አትሞክሩት። የልጅ ክርስትና ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ ከሁሉ ይቀድማልና፣ ዲስኩ እስትንፋስ ሳለው ወደ ሌላ ይገለበጥ። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ችግሩን ለጥቂት ሳምንታት ከማስረሳት በስተቀር ጥቅም የለውም፤ ፋይሎቻችሁን ግን ያጠፋል። በእኛ አካባቢ ሃርድ ዲስክን ቶሎ ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ መብራት በሥራ ላይ ድንገት መጥፋቱ ነው። ሌላው ብዙ ሰው ያላሰበው ከፍታችን ነው፦ በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ራስ በሚሽከረከረው ሳሕን ላይ የሚንሳፈፈው እጅግ በቀጠነ የአየር ሽፋን በመሆኑ፣ አምራቾች ለብዙዎቹ የተለመዱ ዲስኮች በሥራ ላይ የሚፈቅዱት የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከዚህ ብዙም አትርቅም፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የመንዝ ደንበኞቻችን አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ለማሻሻል አንድ ነገር ብቻ የሚገዙበት ገንዘብ ካላቸው በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባውን ኤስ ኤስ ዲ የተባለ መረጃ ማስቀመጫ እንዲገዙ እንመክራለን፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከፍታም ሆነ የመኪና መንገጫገጭ ያን ያህል አይጎዳውም፣ ፍጥነቱም ያለ ንጽጽር ይበልጣል።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሣን፣ «ሁልጊዜ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚቆመው» ያሉን አንዲት እናት ነበሩ። ወረቀቱን እንዲጽፉ የነገርናቸው እኛ ብንሆንም ምሥጢሩን ያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ የሚጋግሩባቸው ቀናት ነበሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ድረስ ሊስብ ስለሚችል፣ 220 ቮልት በሚገባው መስመር ላይ ብቻውን 18 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ወይም መጋጠሚያው የላላ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። ላፕቶፕ ባትሪው ደኅና ከሆነ ይህን ይቋቋማል። ዴስክቶፕ ግን አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴም ጠፍቶ ራሱ ይነሣል። ኮምፒውተሩን ከምጣድ፣ ከምድጃና ከፍሪጅ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ፤ አቅማችሁ የፈቀደም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ግዙለት። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ መሰካትም ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው።

የቀሩትን ምክንያቶች ባጭሩ እናልፋቸዋለን። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ክሮም ውስጥ 20 ገጽ ከፍቶ መቆሙን ማማረር ፍርድ አይደለም፤ ገጾቹን መዝጋት ወይም ራም መጨመር ነው። ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላም ኮምፒውተሩ ይንገታገታል። ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን መጫን ጥበቃውን አያጠናክርም፣ እርስ በርሳቸው ሲፈታተሹ እናንተን ያስጠብቃሉ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈት። ያለ ክፍያ ፕሮግራም ያስከፍታሉ የሚባሉት ክራኮች ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዘው ስለሚገቡ እኛ አንጭንም፤ በዚህ የተቀየማችሁን እንዳላችሁ እናውቃለን።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። ማታ ማታ «ሻት ዳውን» እያደረጋችሁ «በየቀኑ እዘጋዋለሁ፣ ታዲያ ለምን ይቆማል?» የምትሉን አላችሁ። በቅርብ ጊዜ ዊንዶውሶች ላይ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር ሲከፈት ለመፍጠን ሲል ሥርዓቱን ከነሁኔታው ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚያድር፣ ሻት ዳውን ሙሉ መዘጋት አይደለም፤ የትናንቱ እንከን ዛሬም አብሮ ሊነሣ ይችላል። ሪስታርት የሚለው ግን ሁሉንም ከሥሩ ይጀምራል። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉ።

ስለ ዊንዶውስ 10ም በርካታ ጥያቄ ደርሶናል። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ማስተካከያ በነጻ እየተላከ ይመጣ የነበረው ተቋረጠ ማለት ነው። ከጥቅምት ወዲህ መቆም የጀመረ ኮምፒውተር ሁሉ በዚህ ምክንያት ቆመ ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትቀበሉት። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ይህ የሌለው አሮጌ ማሽን ላይ በዘዴ አሳልፎ መጫን ቢቻልም፣ በሚቆም ኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ ሸክም ነውና አንመክርም።

ወደ እኛ ስትመጡ ያን የጻፋችሁበትን ወረቀትና ቻርጀሩን አብራችሁ አምጡ፤ ጥፋቱ ቻርጀሩ ላይ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለፋይሎቻችሁ መገልበጫ የሚሆን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ካላችሁ ያዙ፤ ፎርማት ግድ የሚሆን ከሆነ የሚቀረውንና የሚጠፋውን ከእናንተ ጋር ቆጥረን፣ ፈቃዳችሁን ተቀብለን እንሠራለን። ማሽኑ የሚሠራው በቆላ ከሆነ ንገሩን፤ እኛም አሁን ከቆላ የመጣን ኮምፒውተር በብርድ ክፍላችን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ማሞቂያ ለኩሰን ጭምር እየፈተንን ነው። በመጨረሻም፣ ጠዋት በብርድ ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ፣ ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ሞቃት ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያው አታብሩት፤ ከቦርሳው አውጥታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አሳርፉት።

ከአክብሮት ጋር

የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን