ያዳናችኋቸው ልጆች ከተማ ገብተዋል

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኢንዱስትሪ ከተሞች ተከራይተው ስለሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች ጤና

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በ1997 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ገጠር ጤና ኬላ ስመደብ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰድኩ ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ነው። ስንት ወለዱ? ስንት በሕይወት አሉ? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቡና የምትቆላዋ እናት እጇ ቆም ይላል። «ዘጠኝ ወልጄ አምስት ተርፈውልኛል» ትላለች። ክርስትና ሳይነሳ የሞተውን ከቁጥር የማያስገቡም ነበሩ፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ከራሴ ጨመርኩ፦ «ስም ሳይወጣለት የሄደስ አለ?»

እየቆየሁ ስሄድ ሳልጠይቅም የልጆቹ ስም ይነግረኝ ጀመር። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ። ካሳ የሚባል ልጅ ካለ ከእሱ በፊት የተቀበረ አለ። ማስረሻ ከሆነ ደግሞ እናቲቱ ገና አልረሳችም። ከሥራው በወጣሁበት ዓመት መዝገቡን ሳስረክብ ገጾቹን አገላበጥኩ፤ ከኋላ ያሉት ናትናኤል፣ ሶልያና፣ ያብስራ፣ ኤልዳና ናቸው። ማስረሻ የሚባል ሕፃን መመዝገብ ያቆምኩበትን ዓመት ልብ አላልኩትም። ግን ቆሟል።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ይህንኑ በቁጥር ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ወደ 67 ወረደ። አገሪቱ የልጆችን ሞት ስለ መቀነስ የተቀመጠውን የምዕተ ዓመቱን የልማት ግብ ሦስት ዓመት ቀድማ አሳካች ተብሎ የተጨበጨበው በዚህ መሐል ነው። (ለእኔ አንድ ቲሸርት ደርሶኛል፤ አልክድም።) ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ሥራ ተአምር አልነበረበትም፦ የክትባት ሣጥን አንግቶ ወንዝ መሻገር፣ አጎበሩ ለእህል መሸፈኛ እንዳይውል መጨቃጨቅ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ መበጥበጥ ማሳየት፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስቆፈር። ይህን የሠሩት ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ናቸው፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው።

ሞት እንዲህ ሲወርድ ወሊድ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለውም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር፤ ቀነ ገደቡም እ.ኤ.አ. 2015 ነው። በ2000 5.5፣ በ2016 4.6 ላይ ነበርን። የልጆች ሞት ከግማሽ በላይ ሲቀንስ ወሊድ አንድ አምስተኛ እንኳ አልቀነሰም። የዛሬው ወጣት በብዛት የመጣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ በየስብሰባው «የሕዝብ ቁጥር ጫና» ሲባል እናቶቻችን ድንገት መውለድ ያበዙ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ከእናቶቻቸው ያነሰ ወለዱ፤ የወለዱት ግን አደገላቸው።

ወሊዱ ለምን ዘገየ ለሚለው የእኔ መምህር አንዲት እናት ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ በራቸው ላይ እየቆምኩ ስለ መርፌው፣ በክንድ ስለሚቀበረው አስረዳሁ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለው ቡና ይቀዱልኛል። ሁለት የቀበሩ ሴት ናቸው። በአምስተኛው ዓመት ሳልጠራቸው ጤና ኬላው ድረስ መጡ። ምን ተገኘ ብላቸው ትንሿ ትምህርት ቤት መግባቷን ነገሩኝና «እነዚህስ የሚያድጉልኝ መሰለኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ፖስተር ማንበብ ትቼ የክትባት ካርድ ማየት ጀመርኩ፤ ካርዱ የሞላላት እናት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ራሷ ትጠይቃለች። ባለትዳር ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ መጠቀማቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 6 በመቶ በ2016 ወደ 35 በመቶ ያደገው መድኃኒቱ ደጃቸው ስለ ደረሰ ነው፤ ልጆቹ ስለ ቆሙም ነው።

እንግዲህ እነዚያ ልጆች አድገዋል። የምጽፍላችሁም ስለ እነሱ ነው።

እኔ ዛሬ የምኖረው ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባት ከተማ ነው። ባለቤቴና እኔ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች እናከራያለን። ስለዚህ የምናገረው ስለ ራሴም ነው። አንዱ ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ አምስት ልጆች ይኖሩበታል። ሦስቱ የጠዋት ሺፍት ናቸው፣ ሁለቱ የማታ፤ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። ቀን ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሻንጣ፣ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የደንብ ልብስ። ለግቢው በሙሉ፣ ለ17 ሰው ማለት ነው፣ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። ገጠር ሳለሁ እንዲህ ያለ ቤት ባገኝ እንደ ጉድለት በቀይ እጽፈው ነበር።

ከአምስቱ አንዷ ኪራይ ልትከፍል ስትመጣ ከየት እንደሆነች ጠየቅኳት። የቀበሌውን ስም ስትጠራ ደነገጥኩ። የእናቷን ስም ነገረችኝ፤ አወቅኳቸው። በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት የወጋኋት እኔ ነኝ። እንደ ስሟ ከሆነ የሞተች እኅቷ ምትክ ናት። ያቺን ልጅ በሰው ኃይል ቅጥር ወረቀት ላይ «ኦፕሬተር» ተብላ፣ ሌሊት አራት ሰዓት ሲያልፍ ከሰርቪስ መኪና ወርዳ በጨለማ ወደ ጊቢዬ ስትገባ አያታለሁ።

በከተማችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች፤ ጎበዝ ናት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በር ታንኳኳለች። የጠዋቶቹ ፋብሪካ ናቸው። የማታዎቹ ተኝተዋል። ሥርዓቱ የተሠራው ቀን ቤቷ ለምትገኝ እናት ነው፤ እኔም የሠለጠንኩት ለእሷ ነበር። ልጅቷ ግን «ቤተሰብ» አይደለችም፣ የቤተሰብ ማኅደር የላትም። የአባቷ ቤት የጤና መድን ደብተርም የሚያገለግለው ከወረዳቸው ጋር ውል ባለው ተቋም ነው። እሑድ ነፃ ስትሆን ጤና ጣቢያው የሚሠራው ድንገተኛ ብቻ። የሚቀራት መድኃኒት ቤት ነው፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ፖስትፒል እንደ ማስቲካ የሚሸጥበት።

ማታ እየተማርኩ በኅብረተሰብ ጤና ዲግሪዬን ስይዝ ከማንኛውም ነገር በላይ የገረመኝ እንግሊዝ ናት። የኅብረተሰብ ጤና ተሐድሶ አራማጁ ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1842 ባወጣው ሪፖርት የማንችስተር ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሲሞቱ አማካይ ዕድሜያቸው 17 ነበር። በገጠሯ ሩትላንድ የቀን ሠራተኛው 38። የማንችስተር ባለ ጸጋ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? እሱም 38። ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሀብታሙን እንኳ የገጠር ደሃ ያህል ብቻ ነው ያኖረው። አማካዩን እንዲያ ያወረደው ሕፃናቱ በብዛት ማለቃቸው ነው። ከተሞቹ ግን አላነሱም፤ ገጠር የተረፈው ልጅ እየገባ ይሞላቸዋል። የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1801 ከነበረበት 8.9 ሚሊዮን በ1901 32.5 ሚሊዮን ደረሰ።

የጤና ሕግ በ1848 ወጣላቸው፤ ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 ኮሌራው ከአንድ የውሃ ቧንቧ እንደሚነሳ በካርታ አሳየ። የለንደን ትልቁ የፍሳሽ መስመር ገንዘብ የተፈቀደለት ግን በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ሽታ ፓርላማው ድረስ ሲገባና መጋረጃዎቹን በኖራ ክሎራይድ እስከ መንከር ሲደረስ ነው። ያም ሆኖ ሕፃናቱ ቀሩ። እስከ 1900 ድረስ ከ1000 ሕፃናት 150 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ወደ 105 የወረደው በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ነው። ትልቁ ሰው ቧንቧ ሲደርሰው ዳነ፤ የሕፃኑ ችግር ግን ወተት፣ ዝንብ፣ ጡጦና እናቱ ሥራ መዋሏ ነበር።

ይኸኛው ወደ ግቢዬ ይመልሰኛል። ባለፈው ዓመት ከተከራዮቼ አንዷ አረገዘች። አገሯ ሄዳ ወለደች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ተመለሰች። እኔ እንደ እሳቸው ላሉ እናቶች ስንት ጊዜ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» ብዬ እንዳስተማርኩ ልቁጠር? አያት ይህን ያውቃሉ። ጡት ግን የላቸውም። ልጅቷ ማሽን ላይ ሆና ልብሷ እየራሰ ስትመለስ አይቻታለሁ። የጨቅላ ሞት፣ ማለትም በመጀመሪያው ወር የሚደርሰው፣ በእ.ኤ.አ. 2016ና 2019 ጥናቶች መካከል አልወረደም፤ በ2016 ከ1000 29፣ በ2019 33። ምክንያቱ ፋብሪካ ነው አልልም፤ አብዛኛው ገና ከወሊድ አልጋ የሚነሳ ነው። ግን የቀረን ሞት ቤት ለቤት በመዞር የሚያልቀው ዓይነት እንዳልሆነ ያሳየኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ይግባኝ ልበል። ከተማ የገቡት ልጆች ጥቂት ይወልዳሉ፤ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በየጥናቱ ከሁለት በታች ናት። ይህን እንደ ስኬት የሚቆጥር ሪፖርት አንብቤያለሁ። እኔ ግን ሁሉንም መቀነስ እንደ አንድ አላየውም። እነዚያ እናት መውለድ ያቆሙት ልጆቻቸው ስለሚያድጉ ነው። የእኔ ተከራዮች የማይወልዱት ሕፃኑን የሚያስተኙበት ስለሌላቸው ነው። ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም «ቀነሰ» ይባላሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፓርክ ባለባቸው ከተሞች ቢያንስ አንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ማታ ሦስት ሰዓት፣ እሑድም ግማሽ ቀን፣ ለቤተሰብ ምጣኔና ለነፍሰ ጡር ክትትል ይከፈት። የጤና ኤክስቴንሽኗ የሥራ ሰዓት ከሺፍት ጋር ይገናዘብ፤ ክፍል የሚጋሩ ልጆች እንደ አንድ ቤተሰብ ማኅደር ይከፈትላቸው። የገጠሩ የጤና መድን ደብተር ከተማ ላይ የሚታወቅበት መንገድ ይፈለግ። ፋብሪካዎቹ የወተት ማለቢያና ማቆያ ቦታ እንዲያዘጋጁ ከሚመለከተው ጋር ተነጋገሩ። እኛ አከራዮችም እንቆጠር፦ ስንት ሰው፣ ስንት ሽንት ቤት። ገጠር ጉድጓድ ላልቆፈረ ገበሬ ጊዜ ገደብ እንሰጥ ነበር፤ ኪራይ ለሚሰበስብ ሰው የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ሁለተኛውን ሽንት ቤት ማስቆፈር ጀምሬያለሁ፤ ሲሚንቶው ተወድዶብኝ ቆሟል።

ስንት እንደሆኑ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ያቺ ልጅ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የአሁን አከራይ

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት