ደብዳቤ ለልጄ፦ ጀርቲ የምትባል ዳይኖሰር

የኔ እናት፣

«ካርቱን የተጀመረው በሚኪ ማውስ ነው አይደል?» ብለሽኝ ነበር። አይደለም። በአንድ ቃል መልሼ ማለፍ ግን አልፈለግኩም፤ ነገሩን በጣም ስለምወደው ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ሚኪ በ1928 በፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች እንደዚያው ናቸው) በእንፋሎት መርከብ ላይ ሆኖ ሲያፏጭ፣ ሰው የሚንቀሳቀስ ስዕል ማየት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ኤሚል ኮል ገና በ1908 መስመር ብቻ የሆኑ ትንንሽ ሰዎችን በስክሪን ላይ አስሮጧል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ጀርቲ የምትባል ዳይኖሰር ናት።

የሳላት ዊንዘር ማኬይ ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ ለኒውዮርክ ጋዜጦች ይስል ነበር። ወደ ፊልም ያስገባው ልጁ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፤ ልጁ ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ስታገላብጪያቸው ስዕሉ የሚንቀሳቀስባቸውን ትንንሽ ደብተሮች ቤት ይዞ መጣ፣ አባትየውም በዚያው ተለከፈ። በ1911 የጋዜጣ ገጸ ባህርያቱን አንቀሳቀሰ። በ1912 ደግሞ የተኛ ሰው ደም የምትመጥ ትንኝ ሠራ። ሕዝቡ አላመነውም! በሽቦ የሚጎትታት አሻንጉሊት ናት አሉ። ስለዚህ ቀጥሎ ማንም «ከየትም አምጥቶ ነው» ሊለው የማይችለውን እንስሳ መረጠ፤ ከምድር ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት ያለፉትን።

አሁን ልፋቱን አስቢው። አንቺ ታብሌትሽ ላይ ዳራውን አንዴ ትስይና ገጸ ባህሪሽን ከላዩ ታንቀሳቅሺያለሽ። እሱ ጀርቲን ሲስል ያ የለም። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ መሳልም ገና አልተለመደም። ስለዚህ ጀርቲ አንገቷን ትንሽ ባዘነበለች ቁጥር ተራራው፣ ድንጋዩ፣ ሐይቁና ዛፉ አብረው እንደ አዲስ ይሳላሉ፤ ያውም በሺዎች በሚቆጠር ስስ የሩዝ ወረቀት ላይ። ጆን ፊትዝሲመንስ የሚባል ሥዕል ተማሪ ጎረቤቱ ዳራውን እየገለበጠ አግዞታል። ፊልሙን ስታዪ ድንጋዮቹ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፤ ምክንያቱ ይኼ ነው፣ የእጅ ሥራ ስለሆነ። ወረቀቶቹ እንዳይዛነፉ ጥግ ጥጋቸው ላይ የመስቀል ምልክት ያደርግ ነበር። መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች ስሎ ከዚያ መሃል መሃሉን ይሞላል፤ አንቺም የምትሠሪው እንደዚያ አይደል? እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እስትንፋሷ ነው። ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል ልክ እንዲሆን የራሱን አተነፋፈስ በሰዓት ለክቶ ነው የሳለው።

በፌብሩዋሪ 1914 ቺካጎ ውስጥ ለሕዝብ አቀረባት። በሲኒማ ቤት እንዳይመስልሽ። ሙዚቃና ቀልድ በየተራ በሚቀርብበት መድረክ ላይ ማኬይ ራሱ አለንጋ ይዞ ከስክሪኑ አጠገብ ይቆምና ይጠራታል። ከድንጋዩ ጀርባ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። ለሰው እጅ ንሺ ይላታል፣ ትነሳለች። እግርሽን አንሺ ሲላት አንዳንዴ ታነሳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ሞልቃቃ ልጅ ሌላ ነገር እያየች ዝም ትለዋለች። ሲቆጣት ታለቅሳለች። አንድ ማሞዝ (የጥንቱ ፀጉራም ዝሆን) በአጠገቧ ሲያልፍ በጭራው ይዛ ሐይቅ ውስጥ ትወረውረዋለች፣ ሐይቁንም ጠጥታ ትጨርሰዋለች። መጨረሻ ላይ ማኬይ ከስክሪኑ ጀርባ ይገባና በዚያው ቅጽበት የተሳለው ማኬይ ፊልሙ ውስጥ ብቅ ይላል፤ እሷም አንስታ ጀርባዋ ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች። የሰው አፍ መከፈቱን አስቢው።

ትልቅ ናት የምለው በዚህ ነው። የመጀመሪያዋ ስለሆነች አይደለም፣ አይደለችምም። ከእሷ በፊት ስዕል ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጀርቲ ግን ጠባይ አላት። ታኮርፋለች፣ ትቀናጣለች፣ ትጓጓለች። ቀጥሎ ምን ልታደርግ እንደምትችል እያሰብሽ ታያታለሽ። ከዚያ ወዲህ የምንወዳቸው የካርቱን ገጸ ባህርያት ሁሉ የእሷ ዘመዶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዋልት ዲዝኒም በ1955 በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ያንን የመድረክ ትርዒት እንደገና አሠርቶ አሳይቶላታል።

አንድ የሚያናድደኝ ታሪክም አለ። ጆን ብሬይ የሚባል ሰው ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ ማኬይ ዘንድ ሄደ። ማኬይ ደግሞ ዕውቀቱን የሚደብቅ ሰው አልነበረም፣ አሠራሩን ዘርግቶ አሳየው። ብሬይ በአሠራሩ ላይ የባለቤትነት መብት አወጣና መልሶ ማኬይን ከሰሰው! ደግነቱ ማኬይ ረታ፣ ገንዘብም ተከፈለው።

የጋዜጣው ባለቤት ሄርስት ሠራተኛው በየመድረኩ መዞሩን ስላልወደደው፣ በ1914 መገባደጃ ትርዒቱ ለሲኒማ ቤት እንዲሆን ተደርጎ ተቀረጸ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምታገኚው ይኼንን ነው። መግቢያው እውነተኛ ሰዎች ይጫወቱበታል፤ ጓደኞቹ ዳይኖሰር ማንቀሳቀስ አትችልም ብለው በእራት ይወራረዱታል። እሱን ብትዘልይው ቅር አይለኝም። ጀርቲ ስትመጣ ግን ተረጋግተሽ እዪ። ድምፅ የለውም፣ የማኬይ ትእዛዞች በጽሑፍ ነው የሚመጡት። ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው፣ አንቺው እዘዣት። ሳትታዘዝሽ ስትቀር ቪዲዮውን አቁሚና ወደ ኋላ መልሰሽ አንድ በአንድ እያሳለፍሽ ዓይኗንና አንገቷን ተከታተዪ፤ ቀድሞ የሚዞረው የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ