የአይአርኤስን ደብዳቤ ቀድጄ ጣልኩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ነን እያሉ በስልክ ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው፣ ሰው ይጠንቀቅ። እኔ ግን ተጠንቅቄ ነው ጉድ የሆንኩት።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰኝ። በስሜ የታክስ ፎርም ገብቷል፣ ያስገባሁት እኔ መሆኔን በ30 ቀን ውስጥ ላረጋግጥ ይላል። 5071ሲ የሚል ቁጥር አለው። እኔ ደግሞ ታክሴን ገና አላሠራሁም። «ሌቦች!» ብዬ ቀድጄ ጣልኩት። ባለቤቴም «ጎበዝ» አለችኝ።

ማርች ላይ ታክስ ላሠራ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ መለሰው። በእኔ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መንግሥት ለየሰው በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ፎርም አስገብቷል። ያ የቀደድኩት ደብዳቤ ለካ የእውነት ነው! አይአርኤስ ራሱ ጠርጥሮ እኔን እየጠየቀኝ ነበር። ያኔ «እኔ አይደለሁም» ብዬ ብመልስ ነገሩ ገና በእንጭጩ ይያዝ ነበር።

አሁን ታክሴን በወረቀት አሠርቼ፣ ፎርም 14039 የሚባለውን የማንነት ስርቆት ማመልከቻ አያይዤ ልኬአለሁ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። እዚያው አይአርኤስ ውስጥ ያለው የግብር ከፋዮች ተሟጋች ቢሮ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ እስኪቋጭ በአማካይ ከ22 ወር በላይ ይፈጃል ብሏል። ሪፈንዱን፣ ከታክሱ የሚመለስልኝን ገንዘብ፣ ለቤት ኪራይ አስቤው ነበር።

ቁጥሬ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ታክሴን የሠራልኝ የአገር ልጅ ነው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ። የእኔን፣ የባለቤቴንና የልጆቼን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ፎቶ አንስቼ በቫይበር እልክለታለሁ። በፎርሙ ላይ ፈርሞ አያውቅም። «ራስህ እንደሠራኸው አድርጌ ላስገባልህ» ይለኛል፣ እኔም እሺ። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን የራሱን የፒቲን ቁጥር ጽፎ መፈረም ግዴታው እንደሆነ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ሰውየውን ሌባ አልልም፣ ማስረጃ የለኝም። የገረመኝ የራሴ ነገር ነው። የመንግሥትን ደብዳቤ ቀድጄ፣ የቤተሰቤን ቁጥር በቫይበር የምልክ ሰው ነኝ።

ደብዳቤ የሚያጠራጥራችሁ ካለ አትጣሉት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ማመን ካቃታችሁ የአይአርኤስን ድረ ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ አስተያዩት።

ሌላው አይፒ ፒን የሚባለው ነው። አይአርኤስ የሚሰጠው 6 አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ነው፣ በየዓመቱ ይቀየራል። ከ2021 ጀምሮ የፈለገ ሁሉ መጠየቅ ይችላል፣ ለልጆችም ይሰጣል፣ ክፍያ የለውም። ይህ ቁጥር ካላችሁ ሌባ ሶሻላችሁን ቢይዝም ፎርሙን በኢንተርኔት ማስገባት አይችልም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ታክስ ሳሠራ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ታክሱ ወቅት ሳይደርስ የዚያን 5071ሲ ደብዳቤ ፎቶ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር አትሙልን። እናቶቻችንም ሲያዩት ይለዩት። የእኔን እንዳልልክላችሁ ቆሻሻ ከወሰደው ቆይቷል።

አንድ የታክሲ ሾፌር
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ