በርሊንን «እንዳለች» አልቀረጻትም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በባህል ገጻችሁ ላይ ስለ ጀርመናዊው ፊልም ሠሪ ቫልተር ሩትማን «በርሊን፦ የታላቅ ከተማ ሲምፎኒ»፣ የበርሊንን አንድ ቀን ስለሚያሳየው ድምፅ አልባ ፊልም፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ይህን ፊልም ማንሳታችሁ በጣም አስደስቶኛል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጸሐፊው ፊልሙን «ከተማዋን እንዳለች የቀረጸ» ብለውታል።

ሩትማን ከዚያ በፊት የሚታወቀው ቅርጾችና መስመሮች ብቻ በሚንቀሳቀሱባቸው አጫጭር ፊልሞቹ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ይህ ፊልምም የሚጀምረው እንደዚያው ነው። ውሃ ይንቀሳቀሳል፣ ውሃው መስመር ይሆናል፣ ከመስመሩ ባቡር ይወጣና ወደ በርሊን ይበራል። ከዚያ ሰዓቱ ንጋት 11 ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ቀጥሎ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች እግር፣ የከብቶች እግር፣ የወታደሮች እግር ተከታትለው ይመጣሉ። በርሊን ውስጥ ቆሞ ይህን በተርታ ያየ ሰው የለም። ቆርጦ የቀጠለው ሩትማን ነው። ከድልድይ ላይ ወደ ውሃ የምትዘለዋ ሴትም ትወና ናት።

ለእኔ የፊልሙ ትልቅነት እዚህ ጋ ነው፤ አቆራረጡ ሙዚቃ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ያለ ድምፅ ነበር፤ ሰለቸኝና ተውኩት። በኋላ ኤድመንድ ማይዝል ለፊልሙ ከደረሰው ሙዚቃ ጋር ሳየው ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። የአንድን ከተማ ሕይወት በሙዚቃ መልክ የሚያሳየው፣ «የከተማ ሲምፎኒ» የሚባለው የፊልም ዘርፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው።

ግን ያው የአቆራረጡ ምት የሚያስከፍለው ነገር አለ። የተራቡ ልጆች መንገድ ላይ ይታያሉ፣ ወዲያው የምግብ ቤት ገበታ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ ነገር። ማንም ላይ አይቆይም። የፊልሙን ሐሳብ ያመነጨው ካርል ማየር በአሠራሩ ስላልተስማማ ራሱን አግልሏል። ሐያሲው ዚግፍሪድ ክራካወርም ፊልሙ ላይ ላዩን ብቻ ይነካል ብሎ ነቅፎታል። ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ፤ ፊልሙን እየወደድኩትም ቢሆን።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ ሩትማን በኋላ የደረሰበትን ነው። በናዚ ዘመን በ1941 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ለአገዛዙ ፕሮፓጋንዳ ፊልሞችን ሠርቷል። ሰውን እንደ ቅርጽ አሰልፎ የማሳየት ችሎታው እዚያም አገልግሏል። ይህ ተዘሎ ስለ ፊልሙ ውርስ መናገር አይቻልም። በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ ይህችን ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊልም አፍቃሪ አንባቢያችሁ