ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስትሩ፦ የአዛውንቶች የአካል ብቃት ይለካ

ክቡር ሚኒስትር፣

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎች ጤና ጣቢያ ሲመጡ የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ስኳራቸው ይታያል። የአካል ብቃታቸውም እንዲለካና በካርዳቸው ላይ እንዲሰፍር መመሪያ ያውጡልን። የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው። ለጉልበታቸውና ለወገባቸው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ይበልጡን የሚያሳስበኝ አእምሯቸው ነው።

መርሳት የጀመረ አዛውንት ብዙ ጊዜ «የዕድሜ ነገር ነው» ተብሎ ይሸኛል። እናቴም እንዲሁ ተብላ ተመልሳለች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ፣ በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር መነሳት ትችል እንደሆነ፣ ከቤት ወጥቶ መራመድ ከተወች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት የጠየቃት አልነበረም።

ዕድሜ አንጎልን እንደሚጎዳ አልክድም። ለማስታወስ ዋና የሆነው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ በእርጅና ዘመን መጠኑ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን የአንጎል ተመራማሪው ኪርክ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከቱልኝ። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ፣ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 120 ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ብሎ ተራመደ፤ በ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ 40 ደቂቃ ደረሰ። ሌላው ሰውነት በማፍታታት ብቻ ቆየ። ዓመቱ ሲሞላ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ፤ የሌሎቹ በ1.4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ካልተራመዱትም መካከል ሲጀመር የተሻለ የአካል ብቃት የነበራቸው ሰዎች ጉዳታቸው አነስተኛ ነበር። ብቃትን እንለካ የምለው ለዚህ ነው።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ልብና የደም ሥሮች ሲደክሙ እሱም ይጎዳል። እንቅስቃሴ ግፊትን ያወርዳል፣ ስኳርን ያስተካክላል፣ የደም ሥሮችን ያጠነክራል፤ የነርቭ ሕዋሳት እንዲያድጉና እንዲቆዩ የሚረዱ ፕሮቲኖችንም ይጨምራል።

የማይመቸኝንም ማስረጃ ልንገርዎ። በ2015 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆኑ 1,635 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ እንቅስቃሴ ያደረጉት የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው በአእምሮ ብቃት አልበለጡም። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎችን ይዞ፣ እንቅስቃሴን ከአመጋገብ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከግፊት ክትትል ጋር ሲያጣምር የተሻለ ውጤት አግኝቷል። ስለዚህ መራመድ የመርሳት በሽታን ያድናል ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባት አይገባም። እኔ ከሁለቱ የተረዳሁት ሥራው ቀደም ብሎ መጀመርና ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት ነው። ቀደም ብሎ ለመጀመር ደግሞ ማን እየደከመ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመለኪያው ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓትና 4 ሜትር ወለል ይበቃል። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደሚቀመጥ ይቆጠራል። 4 ሜትር በተለመደ አረማመዱ ለመሄድ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀበት፣ አካሉ እየደከመ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

ከልኬቱ በኋላ ያለው ይበልጥ ያሳስበኛል። «እንቅስቃሴ ያድርጉ» የሚል ምክር ትእዛዝ አይደለም። መድኃኒት ሲታዘዝ ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም እንደዚያ በወረቀት ይጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ መጠኑን አስቀምጦታል፦ 65 ዓመት ለሞላቸው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ። ይህን መጠን ወዲያው መድረስ የማይችሉ ብዙ ናቸው። ጉልበቱን የሚያመው፣ ልቡ የደከመ፣ ወድቆ የሚያውቅ ሰው ከአቅሙ እንዲጀምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ በየጤና ጣቢያው ባይኖር እንኳ ሪፈር የሚባልበት ቦታ ይወሰን።

መመሪያው በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ይጀመር አልልም። በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ለአንድ ዓመት ይሞከር፤ የእያንዳንዱ ሰው ልኬት ሲጀመርና በየስድስት ወሩ ይመዝገብ፤ ውጤቱ መልካምም ሆነ ደካማ ለሕዝብ ይገለጽ። ሚኒስቴሩ ሙከራውን ይቀበል እንደሆነ፣ ካልተቀበለም ምክንያቱን፣ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።