ምሁሩን፣ መጋቢውንና የጥበብ ሰውን በአንድ ጠረጴዛ ስለ ማስቀመጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ክርስቲያናዊ አምልኮ መታደስ በተነሣ ቁጥር የሥነ መለኮት ምሁራን፣ መጋቢዎችና የጥበብ ሰዎች ይገናኙ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። በሙሉ ልባችን እንደግፈዋለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አብዛኛው ግንኙነት ለምን ፍሬ ሳያፈራ እንደሚቀር ስለምናውቅና ሊታረም እንደሚችልም ስለምናምን ነው። ሦስቱ ወገኖች ተገናኙ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በየተራ ነው። ምሁሩ ጥናት ያቀርባል፤ መጋቢው የእሑዱን መርሐ ግብር ይወስናል፤ ዘማሪው፣ ሠዓሊውና የድምፅ ባለሙያው ሁሉም ካለቀ በኋላ ይጠሩና «ለዚህ የሚሆን መዝሙር ፈልጉ» ይባላሉ። ያኔ ጥናቱ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ መዝሙሩም ከተነበበው ቃል ጋር ሳይተዋወቅ ይዘመራል።

አብሮ መሥራት ምን እንደሚያስገኝ የጄኔቫው መዝሙረ ዳዊት፣ ማለትም የዳዊት መዝሙራት በፈረንሳይኛ ግጥምና ዜማ የተዘጋጁበት መድበል፣ ጥሩ ምስክር ነው። ምእመናን መዝሙሩን በገዛ ቋንቋቸው ራሳቸው እንዲዘምሩት የተጋው ዣን ካልቪን ምሁርም መጋቢም ነበር። ግጥሙን ግን ለገጣሚ ተወለት። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ስመ ጥር የነበረው ክሌማን ማሮ 49ኙን መዝሙራት ወደ ፈረንሳይኛ ግጥም መለሰ፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1544 ሲሞት ቀሪዎቹን 101 የግሪክኛ መምህር የነበረው ቴዎዶር ቤዝ ፈጸማቸው። ዜማውን ከደረሱትና ካረሙት ዋነኛው የመዝሙር መምህሩ ሉዊ ቡርዡዋ ነው። በስትራስቡርግ እ.ኤ.አ. በ1539 ከወጣው ትንሽ መድበል ተነሥቶ 150ው መዝሙር ተሟልቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1562 ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ማለት ነው። በአንድ ዓመታዊ ጉባኤ አምልኮን አድሳለሁ ብሎ የሚነሣ ሁሉ ይህን ቁጥር ልብ ቢለው እንወዳለን።

በዚያ ሥራ መካከል የደረሰውም ነገር ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1551 ቡርዡዋ ሕዝቡ በቃሉ የያዛቸውን ዜማዎች ያለ ፈቃድ ለወጥህ ተብሎ ታሰረ፤ የተፈታው ካልቪን ጣልቃ ገብቶ ነው። መታሰሩ ተገቢ አልነበረም፤ የሕዝቡ ቅሬታ ግን ሥር ነበረው። ዜማ አንዴ በምእመናን አፍ ከገባ የደራሲው ብቻ አይሆንም። ዛሬም የታወቀ መዝሙር ምቱ ተቀይሮ፣ በየስንኙ መካከል አዲስ ማጀቢያ ገብቶበት ሲቀርብ ሰው የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። ሁለት ጊዜ ይሞክራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሙዚቀኛው የሕዝቡን ዝምታ እንደ ተመስጦ ሊወስደው ይችላል፤ ከፊቱ ሆኖ የሚያየው መጋቢ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ሦስቱ አብረው መቀመጥ ያለባቸው አንዱ የማያየውን ሌላው ስለሚያይ ነው።

እንግዲህ ጠረጴዛው እንዴት ይዘጋጅ? ከ12 ሰው ባይበልጥ መልካም ነው። ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሰው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ በምንም አገልግሎት የሌሉ ሁለት ምእመናን፤ ከእነዚህ አንዱ በዕድሜ የገፋ ቢሆን ይመረጣል። ሥራቸው አንድ የተወሰነ የአምልኮ ቀን ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ቡራኬው ማዘጋጀት ይሁን፤ «አምልኮን ማደስ» የሚል ሰፊ ርእስ ይዞ የተቀመጠ ቡድን በሦስተኛው ስብሰባ ይበተናል። ዝግጅቱ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ዜማ ደራሲው ያለውን ከመጎተት በቀር አዲስ ነገር ማምጣት አይችልም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ መዝሙር አይነሣ። የቀኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በሁለት የተለያዩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከዚያ ምሁሩ ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ክፍሉ ምን እያደረገ እንዳለ ያስረዳ። ይገሥጻል? ተስፋ ይሰጣል? ያለቅሳል? ክፍሉ ስለ ምን እንደሚናገር ብቻ ከተነገረው ገጣሚው ርእስ ይዞ ይሄዳል፤ ክፍሉ ምን እንደሚያደርግ ከተነገረው ግን ሕዝቡ በምላሹ ምን ማድረግ እንዳለበት ይገባዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የጥበብ ሰዎቹ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይዘው ይምጡ፦ የአንድ አዝማች ረቂቅ፣ በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል፣ የንባቡ አከፋፈል። ያለቀ ሥራ ከመጣ ማረም ማስቀየም ይሆናል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ግጥሙና ዜማው ይታረማሉ። ሰባተኛው ልምምድ ነው፤ ስምንተኛው በአዳራሹ ውስጥ፣ በትክክለኛው ድምፅ ማጉያ፣ አንባቢዎቹ ጭምር የሚገኙበት ሙሉ ልምምድ። የመጨረሻው ውሳኔ የመጋቢው መሆኑ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር። ኃላፊነቱ የእሱ ነውና ተገቢ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ድንገት ሲታወቅ ግን ሰው ያስኮርፋል።

ለግጥምና ዜማ ማረሚያ ሦስት ሳምንት የሰጠነው በምክንያት ነው። ዜማው የቃሉን መጥበቅና መላላት ካልጠበቀ ሌላ ቃል ይሰማል፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም በሚለውጥባቸው ቋንቋዎች ደግሞ ከውጭ የመጣ ዜማ የተተረጎመውን መዝሙር ትርጉም ሊያጠፋው ይችላል። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1526 ለታተመው የጀርመንኛ ቅዳሴ ሙዚቀኞቹን ኮንራድ ሩፕፍንና ዮሐን ዋልተርን ወደ ዊተንበርግ ያስጠራቸው ሥርዓቱ ገና በመዘጋጀት ላይ ሳለ ነበር፤ ቃሉና ዜማው አብረው ተወለዱ።

ከዝግጅቱ ጎን ለጎን ቡድኑ አንድ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ቢሠራ ከብዙ ጥናታዊ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ባለፈው አንድ ዓመት በአጥቢያው የተዘመሩትን መዝሙራት በሙሉ በሰንጠረዥ ይመዝግብ። እያንዳንዱ ምስጋና ነው፣ ንስሐ፣ ሰቆቃ፣ ምልጃ ወይስ ለሥራ ራስን መስጠት? የሚናገረው ለማን ነው፣ ለአብ፣ ለወልድ ወይስ ለመንፈስ ቅዱስ? ተናጋሪው «እኔ» ነው ወይስ «እኛ»? ከ150ው የመጽሐፍ ቅዱስ መዝሙራት ከሲሶ የማያንሱት የሰቆቃና የልመና ናቸው። በብዙ አጥቢያዎች መዝገብ ግን ይህ ዓምድ ባዶውን ይገኛል። ልጁን የቀበረ፣ ሥራውን ያጣ፣ በሕመም የሚሰቃይ ሰው ወደ አምልኮ ሲመጣ የሚያዜመው ቃል ተነፍጎታል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ በደል ነው ብለን እናምናለን። ገጣሚው ከየት እንደሚጀምር ባዶው ዓምድ ይነግረዋል።

ሥርዓቱንም እንዲሁ መፈተሽ ይቻላል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በጻፈው መሠረት ክርስቲያኖች እሑድ ተሰብስበው የሐዋርያትንና የነቢያትን መጻሕፍት ጊዜ እስከ ፈቀደ ያነቡ፣ ምክር ይሰሙ፣ በአንድነት ቆመው ይጸልዩ ነበር፤ ከዚያ ኅብስቱና ወይኑ ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ላልተገኙት በዲያቆናት ይላካል፣ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። በሰዓት መቁጠሪያ ለክተን ብናስተያየው ዛሬ ብዙ ቦታ ተሸርሽሮ የምናገኘው ንባቡና ስለ ሌሎች የሚደረገው ጸሎት ነው። ንባብ በስብከቱ መግቢያ ወደ ሁለት ቁጥር ወርዷል። እዚህ ላይ የጥበብ ሰው ትልቅ ድርሻ አለው፦ ተዋናይ ወይም የትረካ ባለሙያ አንባቢዎችን ያሠልጥን፤ ከንባቡ በኋላም ቢያንስ 30 ሰከንድ ዝምታ ይሁን። ኪቦርዱ በዚያ ዝምታ ውስጥ አይግባ።

አሁን ሕዝቡ ስለማይዘምርበት ዋና ምክንያት። ብዙ አዳዲስ መዝሙሮች የሚቀረጹት ለአንድ ባለ ከፍተኛ ድምፅ ዘማሪ ነው፤ በዚያው ከፍታ ወደ አምልኮ ሲገቡ ሰው አይደርስባቸውም። አብዛኛው ሰው ሳይጨነቅ የሚዘምረው ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ላ ወይም ሲ እስከ ላይኛው ሬ ድረስ ነው፤ ወንዶች አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ ብለው። ከዚያ በላይ የሚወጣውን መዝሙር ሁለት ወይም ሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አጠቃላይ ስፋቱ ከአንድ ኦክታቭ ተኩል ካለፈ ግን ዝቅ ማድረጉም አይረዳም፣ ታችኛው ክፍል ይታፈናልና፤ ስንኞቹን ለዘማሪው ትቶ አዝማቹን ብቻ ለሕዝቡ መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው። በሥራ ቦታ ጤና በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ 85 ዴሲቤልን (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ለጆሮ ብቻ ተጨንቀን አይደለም የምንጽፈው። የጎረቤቱን ድምፅ መስማት ያልቻለ ሰው የራሱንም ያቆማል። ሙዚቀኞቹ በሦስተኛው ስንኝ መሣሪያውን በሙሉ አሳርፈው ሕዝቡን ያዳምጡ፤ መዝሙሩ ከቀጠለ መጠኑ ልክ ነበር፣ ከወደቀ ግን ሕዝቡ ከመጀመሪያውም አልዘመረም ነበር። በፕሮጀክተር የሚታየውም ጽሑፍ በሐሳብ እንጂ በቦታ ልክ አይቆረጥ፤ ቀጣዩ ገጽ የመጨረሻው ቃል ሳያልቅ ይምጣ።

አዲስ መዝሙር በአንድ አምልኮ ከአንድ አይብለጥ። በመጀመሪያው እሑድ ሰው በሚሰበሰብበት ጊዜ ዜማው በመሣሪያ ብቻ ይሰማ፤ በሁለተኛው መዘምራን ስንኙን ሕዝቡ አዝማቹን፤ በሦስተኛው ሁሉም ሙሉውን። ከዚያ አርፎ ከወር በኋላ ይመለስ።

ከአምልኮው በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ቡድኑ ይሰብሰብ። «ወደዳችሁት ወይ?» ከተባለ መልሱ ስለ ምርጫ ይሆናል። ሕዝቡ መዘመር ያቆመው የት ላይ ነው? ንባቡ ከኋላ ወንበር ተሰምቷል? ልጆች የተሳተፉበት ክፍል የትኛው ነው? ስለ ማን ጸለይን፣ ማንንስ ረሳን? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ዝግጅት የሚሆን መልስ ያመጣሉ።

ጉባኤ የሚያቅዱ የቤተ ክርስቲያን መሪዎችንና የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የምንለምነው ይህን ነው። የሦስት ቀን መርሐ ግብር ካላችሁ አንዱን ቀን ለጥናት ጽሑፍ፣ ሁለቱን ለእንዲህ ያለ ሥራ አውሉ። የጥበብ ሰዎችን በመዝጊያው ምሽት ዝግጅት እንዲያቀርቡ ብቻ አትጥሩ፤ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ ላይ ይገኙ፣ ለተናጋሪ የሚከፈለው አበል ለገጣሚውና ለዜማ ደራሲውም ይከፈል፣ የሥራቸው ባለቤትነትና አጥቢያዎች የሚጠቀሙበት ፈቃድ በጽሑፍ ይስፈር። የተዘጋጀው አምልኮ በየትኛው አጥቢያ፣ በየትኛው እሑድ እንደሚካሄድም ግብዣው ከመላኩ በፊት ይወሰን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥርዓተ አምልኮ ትምህርት፣ በመዝሙር ድርሰትና በአጥቢያ አገልግሎት የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ